ብረት የሚያጠጡት መምህር

መምህር አለልኝን ኤሌክትሪክ የገደላቸው ከተማው በሙሉ መብራት ባጣበት ሰሞን ነው። ይህን ስናገር የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው። «መብራት በሌለበት መብራት እንዴት ሰው ይገድላል?» ይሉኛል። በለቅሶው ድንኳን ውስጥም ሰው ሲንሾካሾክ የነበረው ይህንኑ ነው። አንዱ መብረቅ ነው አለ፤ የዚያን ቀን ግን ሰማዩ ላይ የጭብጥ ያህል ደመና አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ደግሞ «ብረት ሲያጠጡ ኖረው በመጨረሻ ያጠጡት ነገር በላቸው» ስትል ሰማኋት። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደደረሰባቸው አውቅ ነበር። ምነው ባላወቅሁት ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

መምህር አለልኝ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ ያስተምሩ ነበር። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ አንገታቸውን ሰበር የሚያደርጉ ሰው ናቸው። እኔ ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ልብስ ስፌት ልማር ሄጄ ቦታው ሞላ፤ መዝጋቢዋ «የቀረው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው» አለችኝ፣ እንደማልፈልገው እርግጠኛ ሆና። «ጻፊኝ» አልኳት። ሰባት ዓመት የሰው ልብስ ስተኩስ የኖርኩ ሴት ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ካውያ እንደሚያቃጥል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብተው ስማቸውን እንኳ አልነገሩንም። በየጠረጴዛችን ላይ አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት ትንሽ አምፖል፣ አንድ ቁራጭ ሽቦ አስቀመጡና «አብሩት» አሉ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። ሽቦውን አንዱን ጫፍ ከድንጋዩ አናት፣ ሌላውን ከአምፖሏ ጋር አገናኘሁ። አልበራም። ገለባበጥኩት፤ አልበራም። ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍሉ ሁሉ ሲታገል ቆየ። በመጨረሻ መጥተው ከጎኔ ቆሙ።

«ምን አለሽ?»

«ድንጋዩ ሞቷል መሰለኝ፣ መምህር።»

«ድንጋዩ አልሞተም። መሄጃውን ሰጠሽው፣ መመለሻውን ከለከልሽው።» አምፖሏን አንስተው ከድንጋዩ አናት ላይ አቆሟት፤ ሽቦውን ከአምፖሏ ጎን ወደ ድንጋዩ መቀመጫ አዞሩት። በራች። «ኤሌክትሪክ እንደኛ ሞኝ አይደለም» አሉ። «መመለሻ የሌለውን መንገድ አይጀምርም።»

ክፍሉ ሳቀ። ከዓረብ አገር የተመለስን ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እኛ አልሳቅንም።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩን ሁሉ እንደዚያ ነው። ቮልቴጅን፣ ከረንትን፣ ሬዚስታንስን በቁጥር ከማስላታችን በፊት በእብናት ገበያ እየመሰሉ አሳዩን። «ሰዉን ከቤቱ ገፍቶ የሚያስወጣው ጉዳይ አለው፤ ጨው ጎድሎበት ይሆናል፣ በሬ ሊሸጥ ይሆናል። ያ ገፊው ቮልቴጅ ነው። መንገዱን ሞልቶ የሚሄደው ሕዝብ ከረንት ነው። ድልድዩ ጠባብ ሲሆን ሕዝቡ ይጋፋል፣ ይሞቃል፤ ያ ጥበቱ ሬዚስታንስ ነው። በጠባብ ድልድይ ብዙ ሕዝብ በግድ ብታሳልፉ ምን ይሆናል?»

«ሰው ይረጋገጣል» አለ አንዱ።

«ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ ምድጃም፣ ካውያም፣ ፍሪጅም የሚሰካ ሰው ሕዝቡን ድልድይ ላይ እያስረገጠ ነው።»

ሰው ግን ከትምህርታቸው ይልቅ ሁለት ነገራቸውን ነው የሚያወራው። አንደኛው ግራ እጃቸው ነው። ሥራ ላይ ሲሆኑ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡም። ብዙ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር፤ «ባለ አንድ እጁ ጌታ» ይሏቸው ነበር በሐሜት። ነገሩ ሌላ ነው። በወጣትነታቸው በሁለት እጃቸው የተከፈተ መስመር ነክተው ከግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ደርቀው ቀርተዋል። ጣቶቹን አንድ ቀን አውጥተው አሳዩን፤ እንደ ቆላ እሾህ ጠምዘዝ ብለዋል። «በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ መንገዱ በልብ ላይ ነው» አሉ። «ሁለተኛውን እጅ ኪስ ውስጥ ከደበቃችሁት ግን መመለሻ ያጣል። ይህን ለመማር እኔ ሁለት ጣት ከፍያለሁ፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።»

ሁለተኛው ብረት ማጠጣታቸው ነው። ከማሠልጠኛው ሕንጻ ጀርባ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ አለ፤ ከማሽኖቹ አካል የሚወጣ ሽቦ እሱ ላይ ታስሯል። ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ የማሽኑን አካል ቢነካ፣ ሰው ከመያዙ በፊት በዚያ ዘንግ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ግን እንደ ልቡ አያሳልፍም። ስለዚህ መምህር አለልኝ ከጥር ጀምሮ ክረምት እስኪገባ በየዓርቡ ባልዲ ውኃ ተሸክመው ዘንጉ ሥር ያፈሱ ነበር። ከተማው የውኃ ወረፋ ይዞ እሳቸው ብረት ሲያጠጡ ያየ ሁሉ ይስቃል። አንዴ የግቢው ዘበኛ «መምህር፣ ምን ሊያበቅሉ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ምንም እንዳይበቅል ነው» አሉት። «መቃብር እንዳይበቅል።»

ጭካኔም ነበራቸው፤ አልደብቅም። የመጨረሻ ፈተናዬ ላይ ማከፋፈያ ሳጥን ከፍቼ የላላ ሽቦ እንዳጠብቅ አዘዙኝ። ዋናውን ማጥፊያ ራሳቸው ሲያወርዱ አይቻለሁ። ካቻቪቴዬን ይዤ እጄን ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁ።

«ቁሚ» አሉኝ። «ወድቀሻል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አልለካሽም።»

«አንቱ አጥፍተውት የለም ወይ?»

«እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ። ዓይናቸው ቀይ ነበር። «እኔ ማን ነኝና ነፍስሽን ትሰጭኛለሽ? ሳትለኪ አትንኪ አላልኩሽም?»

ዓመቱን ደገምኩ። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽኝ ሥሪ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራት ዓመት፣ ቀን ማሠልጠኛው ውስጥ ረዳታቸው ሆኜ፣ ቅዳሜ ደግሞ በየሰው ቤት መሰላላቸውን ይዤ ሠራሁ። ይፋግ ድረስ ሄደን ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ዘርግተናል። የመሬት ዘንግ ሳይቀብሩ ሠርተው የወጡበት ቤት አላውቅም። ባለቤቱ «ይቅርብኝ» ካለ ሽቦዋቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ እንጂ አይከራከሩም።

እብናት የሄድንበት ቀን ግን ተከራከሩ። ታናሽ ወንድማቸው አያ ሞላ እዚያ የእህል ወፍጮ አላቸው። ገበያ ቀን ነው፤ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው፣ አህያ ጭነው ወረፋ ይዘዋል። መምህር ወፍጮ ቤቱ ሲገቡ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ አፍንጫቸውን ወደ ሞተሩ አዞሩ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል። ሳጥኑን ከፈቱና ፊውዝ መኖር በነበረበት ቦታ የጣሪያ ምስማር አገኙ።

«ይህን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ሞላ። «ፊውዙ በየቀኑ እየተቃጠለ መከራዬን አበላኝ። ምስማሩን ካስገባሁ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመብኝም።»

«አይቆምማ። ፊውዝ የተሠራው እንዲሞት ነው፣ ሞላ። እሱ ቀድሞ ካልሞተ ሰው ነው የሚሞተው።»

«እሺ አያ፤ ሰዉ ሲበተን አወጣዋለሁ።»

መምህር አለልኝ የሞተሩን ገመድ በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ልባሱ እንደ ሰም ለስልሶ ነበር። ማጥፊያውን ወደ ታች ጎተቱት። ወፍጮው እያጓራ ቆመ። ምስማሩን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ለተሰለፈው ሰው «ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ አይፈጭም» አሉ።

አያ ሞላ ፊታቸው ጠቆረ። «በሰው ፊት አዋረድከኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ወንድም የለኝም ብለህ ቁጠረኝ።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መምህር መስኮቱን እያዩ «አነጋገር አላውቅም» አሉኝ። «ሽቦ አያኮርፍም፣ ትርንጎ። ሰው ያኮርፋል። ይህን ሁልጊዜ እረሳዋለሁ።» ወንድማማቾቹ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

አሁን ወደዚያ ሰሞን ልምጣ።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል፤ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ከከተማው ርቆ ተቆርጦ ሁለት ሳምንት አልፏል። ጄኔሬተር ያለው ያስነሳል፣ የሌለው ኩራዝና ሻማ ያበራል። በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥሩ ርሶ ወደቀና ከሰፈራችን ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ያለውን የመንገድ መስመር በጠሰው። የተበጠሰው ሽቦ ልጆች በሚያልፉበት ሣር ላይ ተኝቷል። ልጆቹም መብራት የለም ተብሏልና ገመድ ዝላይ ይዘሉበታል።

መምህር አለልኝ ይህን ሲያዩ ቀለማቸው ተለወጠ። «መብራት ሲሄድ አይነግረንም፤ ሲመጣም አይነግረንም» አሉ። ከተማው ውስጥ የቀረው የመስመር ሠራተኛ አንድ ነው፤ እሱም ሌላ ቦታ ተይዟል። መምህርን ያውቃቸዋልና የሰፈሩን ትራንስፎርመር ፊውዝ ራሱ ነቅሎ፣ መሰላልና መታጠቂያ ቀበቶ አበድሮ «አደራ» አላቸው።

ሽቦው የተበጠሰው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ነው። አንዱ ጫፍ ወደ ትራንስፎርመሩ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ታች ወዳሉት ቤቶች ይሄዳል። እኔ ከትራንስፎርመሩ ወገን ያለውን ምሰሶ፣ እሳቸው ከቤቶቹ ወገን ያለውን ሊወጡ ተስማማን። ከእኛ ጋር ያለው የመሬት ሽቦ ግን አንድ ነው። የመሬት ሽቦ ማለት የሞተውን መስመር ከምድር ጋር የሚያስር ወፍራም ሽቦ ነው፤ ድንገት ኤሌክትሪክ ቢመጣ ሠራተኛውን ትቶ ወደ መሬት እንዲወርድ።

«አንቱ ጋ ይሁን» አልኳቸው።

«መብራቱ ቢመጣ የሚመጣው በአንቺ በኩል ነው» አሉና በእጃቸው አሰሩልኝ።

በእሳቸው በኩል ያለው አደጋ የሰዉ ጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተር ከመንገዱ መስመር ካልተለየ፣ ኤሌክትሪኩ ከቤት ወጥቶ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ቤት ለቤት እየዞሩ «ዛሬ እንዳታስነሱ» ብለው ለመኑ። ሁሉም እሺ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ይግዛው ብቻ አንገቱን አከከ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ታታሪ፣ ሰው የሚያከብር ነው። «መምህር፣ ዱቄቱን ለክቻለሁ። ማቡኪያው በጄኔሬተር ነው የሚሠራው፤ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ይጠብቀኛል። እስከ ስንት ሰዓት ልታገስ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

«እስከ ስድስት ንክች አላደርጋትም።»

መሰላሉን ከመውጣታቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «ሰዓቱን አንቺ ያዢ» አሉኝ። «የእኔ ሰዓት ቆማለች። አምስት ተኩል ሲሆን ጥሪኝ፤ ስድስት ሳይሞላ እንወርዳለን። ካልጨረስን ነገ ነው።» ይህን ሲሉኝ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሰማ ሰው አልነበረም።

ዛፉን ቆርጦ ማንሳት ካሰብነው በላይ ጊዜ ወሰደ። ምሰሶው ላይ ስወጣ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። መምህር በየጫፉ ለኩ፤ የሞተ ነው። ሥራ ጀመርን። እኔ ጋ ያለው ማጥበቂያ ጥርሱ አልቆ ሽቦውን አልነክስ አለኝ። ስይዘው ይንሸራተታል፣ ስይዘው ይንሸራተታል። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰዓት የማይበት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ማጥበቂያው ካልያዘ ነገ እንደገና መውጣታችን ነው ብዬ እልህ ያዘኝ። ስለ ሰዓት ያሰብኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህችን ልጨርስና አያለሁ አልኩ።

ከታች ከቤቶቹ መካከል ጄኔሬተር ሲነሳ ሰማሁ። መጀመሪያ ሁለቴ አሳለ፤ ከዚያ ተረጋግቶ መምታት ጀመረ። ይግዛው አስነሳ፣ አልኩ በልቤ። ለአንድ እስትንፋስ ያህል ሌላ ምንም አላሰብኩም።

መምህር አለልኝም ሰምተውታል። ፊታቸውን ወደ ድምፁ ሲያዞሩ አየኋቸው። ሽቦ ለመቋጠር አይመችም ብለው ጓንታቸውን አውልቀዋል፤ ቀኝ እጃቸው ሽቦውን፣ ግራ እጃቸው ምሰሶው ላይ ያለውን የብረት መስቀያ ይዟል። ሽቦ በአንድ እጅ አይቋጠርም። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሰው ከየአቅጣጫው እየጮኸ መጣ። አንድ ጎረምሳ እግራቸውን ሊይዝ መሰላላቸውን ሁለት ደረጃ ሲወጣ ደረስኩ። መሰላሉን በትከሻዬ ገፍቼ ከነልጁ ጣልኩት። «ሰውየው እየሞተ!» ብሎ አንዱ በጥፊ መታኝ። ቁልቁል ሮጥኩ። የተያዘን ሰው የያዘ አብሮ ይያዛል፤ መጀመሪያ ምንጩን ቁረጥ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዳቦ ቤቱ ደርሼ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ይግዛው እጁ በዱቄት ነጥቶ አፈጠጠብኝ፤ የቀረውን ሳልነግረው ተመልሼ ሮጥኩ። ስመለስ በቀበቷቸው ተንጠልጥለው ነበር። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ቀና አለና ራሱን ነቀነቀ።

ይግዛው የሆነውን የተረዳው በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ ልጠይቀው ስሄድ ነው። ገመዱን አሳየኝ፤ በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ያለው ገመድ ነው። አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ይሰካል። ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ እንዳለበት ማንም አልነገረውም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አለኝ።

ገመዱን ከእጁ ወስጄ ጠቀለልኩት።

«ትርንጎ፣ በማርያም! ሰዓቴን እያየሁ ነው የጠበቅሁት። ስድስት ሞልቶ አምስት ደቂቃ ጨምሬ ነው ያስነሳሁት።»

ያን ጊዜ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን አያ ሞላ ደረሱ። መንገድ ስለተዘጋ ከእብናት በእግር፣ በጫካ ዞረው ነው የመጡት፤ ቀብሩ አምልጧቸዋል። ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳነገቡ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አላለቀሱም። ለመምህር ባለቤት ለእትዬ ውዴ ሰግደው፣ ቀጥታ እኔ ጋ መጡ።

«አብረሽው የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አያ ሞላ።»

«መብራት እንደሌለ አገር ያውቃል። ከማን ቤት ነው የመጣበት?»

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። ስም ከጠራሁ ይግዛው አለቀለት፤ እሱ ካለቀ ደግሞ የእሱ ወንድሞች አሉ። «ነገ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «እስከ ነገ እታገሣለሁ» አሉ።

በዚያው ቀን ከይግዛው ጋር ወደ ንስሐ አባቱ ሄድን። ይግዛው ቆላ ወርጄ ልደበቅ ብሎ ነበር። ቄሱ ሁለታችንንም ሰምተው «ከሮጥህ ገዳይ ትሆናለህ፤ ከመጣህ ሰው ነህ» አሉት።

በማግስቱ ይግዛው በባዶ እግሩ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ከቄሱና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እትዬ ውዴ ግቢ ገብቶ ተንበረከከ። አያ ሞላ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ «ያየሽውን ተናገሪ» አሉኝ።

ተነስቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። ዛፉን፣ አንዱን የመሬት ሽቦ፣ ጓንቱን፣ የይግዛውን ገመድ፣ ስድስት ሰዓት የተባለውን። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። የቀረውን ይግዛውም አያውቅም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

«ሰዓቱን እንድይዝ የነገሩኝ እኔን ነው» አልኩ። «አምስት ተኩል ላይ ጥሪኝ አሉኝ። አልጠራኋቸውም። ረሳሁት።»

ከሴቶቹ አንዷ «ዋይ!» አለች።

አያ ሞላ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ። «ብትጠሪው ይወርድ ነበር?»

«ይወርዱ ነበር።»

የጠመንጃቸውን አንገት ይዘው መሬቱን አዩ። «እኔ የመጣሁት አንድ ሰው ፈልጌ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም። «እኔስ? ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ያልረገጥኩትን እኔን ማን ይጠይቀኛል?» ጠመንጃቸውን ለሽማግሌው አቀበሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እንዲያ ያለ የወንድ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ውዴ ተነስተው ወደ ይግዛው ሄዱ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው መሬት ጣሉት። «አንተ አላወቅህም» አሉት። «የነገረህን ሰዓት ጠበቅህ። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደርቆ ነበር።

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር» አሉኝ። «ያስተማረሽ እሱ ነው። አራት ዓመት ከቤቴ በልተሻል። ሽቦውን ለአንቺ አስሮልሽ ነው የሄደው። እግርሽን ከደጄ አንሺ።»

ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም።

መብራቱ በሌላው ሳምንት መጣ። የመስመር ሠራተኛው ሽቦውን ቀጠለው። እኔ ለይግዛው ጄኔሬተሩን ከመንገዱ መስመር የሚለይ ማዞሪያ ገጠምኩለት፤ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞርኩ ስገጥም ከርሜያለሁ። ማሠልጠኛው የመምህርን ክፍል ሰጥቶኛል። እትዬ ውዴ ቤት አምፖል ሲቃጠል ግን ከሌላ ሰፈር ሰው ያስመጣሉ። በመንገድ ስንገናኝ እኔ ጎንበስ እላለሁ፤ እሳቸው ያልፋሉ።

የሙት ዓመታቸው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ካቡ ሥር ቆምኩ። ሰው ከግቢው ወጥቶ ወደ ተዝካሩ ድንኳን ሲጎርፍ እኔ ልሄድ ዞርኩ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እትዬ ውዴ ናቸው፤ በእጃቸው ሰሃን ይዘዋል፤ እንጀራ፣ ላዩ ላይ ወጥ።

«ብዪ» አሉኝ።

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ይቅርታ እንዳይመስልሽ» አሉ። «የእሱ እህል ነው። የእሱን እህል ማንም ሳይቀምስ አይሄድም።»

በቆምኩበት በላሁ። አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ። ስጨርስ ሰሃኑን ተቀብለውኝ ወደ ሰዉ ተመለሱ።